በአስቂኝ ፊልም የሣቁ ባለቤት ማነው?

ስለ አስቂኝ ፊልም አስተያየት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው «አሣቀኝ» ወይም «አላሣቀኝም» የሚል ቃል ነው። ይህ አነጋገር ለጥናት የማይበቃ ቢመስልም በኛ አስተያየት የሚናቅ አይደለም፤ ሣቅ ራሱ ፍርድ ነውና። በአሳዛኝ ትያትር ፊት ልቡ ያልተነካ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ያዘነ ሊመስል ይችላል፤ ሳይሥቅ የሣቀ ለመምሰል የሚሞክር ግን ወዲያው ያስታውቅበታል። እንግዲህ የምንመረምረው፥ ይህን ፍርድ ለተመልካቹ የሚተዉለት ሥራዎች የትኞቹ፥ የሚነጥቁትስ የትኞቹ እንደ ሆኑ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ቻርሊ ቻፕሊን በ1936 ያወጣው «ሞደርን ታይምስ» ነው። «ዘ ጃዝ ሲንገር» በ1927 ታይቶ ፊልም መናገር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፍም፥ ቻፕሊን ይህን ሥራ አብዛኛውን ያለ ንግግር ሠራው። በፋብሪካ ብሎን የሚያጠብቀው ሠራተኛ፥ በፊቱ የሚያልፈው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ እየፈጠነበት ስለሚሄድ፥ ከሥራው ተነሥቶ እንኳ እጁ ማጥበቁን አይተውም። ቀጥሎም የምሳ ሰዓት እንዳይባክን ሠራተኛውን የሚያጐርስ መኪና ይቀርባል፤ መኪናውም ተበላሽቶ አፉን ይደበድበዋል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት በሆነበት አገር ላደግን ለኛ ይህ ትዕይንት እያሣቀ ይመርራል። ሆኖም ቻፕሊን ራሱ የደረሰው ሙዚቃ ያጅበዋል እንጂ በኛ ፈንታ የሚሥቅ የለም።

ይኸው ቀበቶ በ1952 በአሜሪካ ተሌቪዥን ተመልሶ መጣ። በ1951 በጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» በተባለው ተከታታይ ጨዋታ፥ ሉሲና ጓደኛዋ ኤተል በቀበቶ የሚመጣውን ቸኮላታ በወረቀት እንዲጠቀልሉ ይታዘዛሉ፤ ቀበቶው ሲፈጥንባቸውም ቸኮላታውን በአፋቸውና በልብሳቸው ይሸሽጉታል። ጨዋታው በተመልካች ፊት የተቀረጸ ስለሆነ፥ የሚሰማው ሣቅ ምንም እንኳ የሌላ ሰው ቢሆን፥ ቀልዱን በዓይኑ ያየ ሰው ሣቅ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በ1950 የታየው «ዘ ሃንክ ማክኩን ሾው» ተመልካች ሳይኖረው የሣቅ ድምፅ እንደ ጨመረ ይታወቃል። ኋላም ቻርልስ ዳግላስ የተባለው የድምፅ ባለሞያ፥ ቁልፎቹ ሲነኩ ቀድሞ የተቀረጸ ሣቅ የሚያሰማ ሣጥን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሣቁ ቀልዱን ያላየ፥ እንዲያውም ቀልዱ ከመጻፉ በፊት የተሣቀ ሆነ።

አንዳንዶች፥ «ሣቅ የማኅበር ነገር ነው፤ በቤቱ ብቻውን የሚመለከት ሰው አጃቢ ያስፈልገዋል» ብለው ይከራከራሉ። ሣቅ የማኅበር ነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በለቅሶ ቤት አልቃሽ ሙሾዋን ስታወርድ ሐዘንተኛው እንዲያለቅስ ታነሣሣዋለች እንጂ በሱ ፈንታ አልቅሳ አታሰናብተውም። ሣጥኑ ግን የሚሠራው ይህን ነው።

የነገሩን ክብደት «ማሽ» የተባለው ጨዋታ ያሳየናል። ከ1972 እስከ 1983 የታየው ይህ ሥራ፥ ቃኘው ሻለቃችንም በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት ስለነበረ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ይናገራል። ጣቢያው የሣቅ ድምፅ እንዲገባበት ቢያስገድድም፥ አዘጋጆቹ በቀዶ ሕክምና ክፍል ትዕይንቶች ላይ ሣቅ እንዳይሰማ አስፈቀዱ። በዚያ ክፍል ሐኪሞቹ ይቀልዳሉ፤ ሆኖም የቈሰለ ሰው በፊታቸው ተኝቷል። መሣቅ ይገባ እንደ ሆነ ወይም አይገባ እንደ ሆነ መወሰን ያለበት ተመልካቹ ብቻ ነው። ሣጥን ቢወስንለት ኖሮ ኅሊናውንም ጭምር በወሰደበት ነበር።

በአገራችን ሰምና ወርቅ ያለው አነጋገር ይህን ሕግ ጠብቆ ኖሯል። ተናጋሪው ወርቁን አይገልጥም፤ ሰሚው ራሱ ሲደርስበት ፈገግ ይላል። ቀድሞ የሚሥቅ ተናጋሪ የገዛ ቀልዱን ያረክሳል።

ይህን ስንል የሣጥን ሣቅ ያለበት ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ለመመዘን ያህል ግን አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም የሣቁ ድምፅ ቢወገድ ቀልዱ በእግሩ ይቆማል ወይ የሚል ነው። የሉሲ ቸኮላታ፥ ድምፁ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ይቆማል። የማይቆመውን ግን «አሣቀኝ» ለማለት አንቸኵል።