«የሰገራ ንቅለ ተከላ» በሚለው ስያሜ ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

በአዲስ ከተማ ያለውን የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መነሻና መድረሻ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ «መናኸሪያ» ይለዋል። ሕዝቡ ግን ባዕዱን ቃል እንደ ምናለሽ ተራና እንደ ሸማ ተራ በመርካቶ ስልት አጣምሮ «አውቶቡስ ተራ» አለው፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው መንገደኛም የሚጠይቀው በዚሁ ስም ነው። ከመንገደኞቹ መካከል የታመመ ልጅ አዝለው፣ የሪፈር ወረቀት ጨብጠው የሚወርዱ ወላጆች አሉ። የሕክምና ቃል ሲመረጥ መለኪያው እነርሱ ሊሆኑ ይገባል እንላለን።

ለምርመራ የያዝነው ስያሜ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተመለሰ ነው። ሕክምናው ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተገኙ ጥቃቅን ተሕዋስያንን በቱቦ ወይም በእንክብል ወደ ሕመምተኛው አንጀት ማስገባት ነው። «ሰገራ» የሚለውን አንነቅፍም፤ «የሰገራ ምርመራ» በየጤና ጣቢያው የተለመደ ስለ ሆነ «ዓይነ ምድር» እያሉ መሸፋፈን አያሻም። ጉድለቱ «ንቅለ ተከላ» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ቃሉ በሕዝብ ጆሮ ከቀዶ ጥገናና አካሉን ከሚያጎድል ለጋሽ ጋር ተቆራኝቷል። እዚህ ግን ለጋሹ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ከጓዳችን የሚገኘው አማራጭ «እርሾ» ነው። ሊጧ አልቦካ ያላት ሴት ከጎረቤት እርሾ ትዋሳለች። ሐኪሙ ለማስረዳት ቢጠቀምበት ደስ ይለናል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አንቀበለውም። እርሾ ያለ ምርመራ የሚዋሱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በዚህ መንገድ ተላልፎበት አንድ ሕመምተኛ መሞቱን አስታውቋል። እርሾ ደግሞ «ይቦካል» የሚል ተስፋ ያዘለ ቃል ነው። ቁስለታማ የትልቁ አንጀት ብግነት ለያዛቸው ልጆች ሕክምናው ገና በጥናት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የካናዳ የመጀመሪያ ሙከራ የያዘው 25 ልጆችን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 በአሜሪካ የጸደቁት ሁለት ዝግጅቶችም ለአዋቂዎች፣ ያውም ለሌላ የሚያገረሽ የባክቴሪያ ሕመም የተፈቀዱ ናቸው።

የበሽታውን ስም ወደ «የአንጀት ቁስል» ማሳጠርም አይረዳም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያየ ወላጅ አስቀድሞ አሜባን ይጠረጥራል፤ «ቁስል» ሲባል ደግሞ ሐሳቡ ወደ ጨጓራ ይሄዳል። «ብግነት» መቅረት የለበትም።

እኛ የምናቀርበው «የሰገራ ተሕዋስያን ማዛወር» የሚለውን ነው። ረዘም ይላል፤ ውበትም የለውም። ነገር ግን የሚዛወረው ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ወላጁም ከመፈረሙ በፊት «ከማን? ተመርምሯል?» ብሎ እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ብዙ ሰው «ተሕዋስያን» ሲባል በሽታ አምጪውን ብቻ ስለሚያስብ፣ በፍቺው ውስጥ ጠቃሚዎችም እንዳሉ በግልጽ ይጻፍ።