ከእቶኑ የወጣው ዱቄት ምንድን ነው? የፔሮቭስካይት ካታሊስቶች አዘገጃጀት ሲመረመር

የፔሮቭስካይት ኦክሳይድ ካታሊስቶችን የሚመለከቱ ጥናቶች የአዘገጃጀት ዘዴዎችን ሲያወዳድሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ያስቀድማሉ፤ አንድ ግራም ዱቄት ስንት ካሬ ሜትር ገጽ እንዳለው። ገጹ የሰፋለት ዘዴ አሸናፊ ይባላል። ይህ መመዘኛ ከሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ ያስረሳል ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ገጽ ላይ የተቀመጠው በእርግጥ ፔሮቭስካይት ነው ወይ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዊላርድ ሊቢ፣ በራዲዮካርቦን የዕድሜ ልኬቱ እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኬሚስት፣ በ1971 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ እንደ ላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ ያሉት ውህዶች የመኪናን ጭስ ለማጽዳት ተስፋ እንደሚሰጡ ጻፈ። በማግስቱ ዓመት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የማንጋኒዝና የኮባልት ፔሮቭስካይቶች ካርቦን ሞኖክሳይድን በማቃጠል ከፕላቲነም ጋር እንደሚፎካከሩ አስታወቁ። በ1976 ግን በዚያው መጽሔት የታተመ ሌላ ጥናት በማንጋኒዝ ፔሮቭስካይት ገጽ ላይ የተከማቸ ፕላቲነም የካታሊስቱን ብርታት እንደሚጨምር አሳየ። እንዲህ ያሉ ክሪስታሎች በፕላቲነም ማቅለጫ ዕቃ ውስጥ ይዘጋጁ ነበርና፣ ሊተካ የታሰበው ብረት ራሱ ከዕቃው ወጥቶ ሥራውን ሊያግዝ ይችል ነበር። ስለ አዘገጃጀት የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ ታሪክ ቢነሳ ደስ ባለኝ።

ጥንታዊው ዘዴ የሴራሚክ ዘዴ ነው። ላንታነም ኦክሳይድና ኮባልት ኦክሳይድ አብረው ይፈጫሉ፤ ከዚያም 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በጋለ እቶን ለረጅም ሰዓት ይቆያሉ። አዮኖቹ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው በጠጣር ውስጥ መጓዝ ስላለባቸው ሙቀቱ ግድ ነው፤ ቅንጣቶቹንም የሚያወፍራቸው ይኸው ሙቀት ነው። የላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 7.3 ቶን ያህል ነው። ቅንጣቶቹን ክብ አድርገን ብናሰላ፣ አንድ ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያላቸው በግራም 0.8 ካሬ ሜትር ገጽ ብቻ ይሰጣሉ፤ 20 ናኖ ሜትር ያላቸው ግን 41 ካሬ ሜትር ገደማ። ሌሎቹ ዘዴዎች የተፈለጉት ይህን ልዩነት ለማትረፍ ነው።

በሴራሚክ ዘዴ ብዙም የማይነገርለት አደጋ ግን ከእቶኑ በፊት፣ ሚዛኑ ላይ ይጀምራል። ላንታነም ኦክሳይድ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል። ሙሉ በሙሉ ሃይድሮክሳይድ ከሆነ በኋላ እንደ ንጹሕ ኦክሳይድ ቢመዘን ላንታነሙ 14 ከመቶ ያህል ይጎድላል። አጣማሪ ያጣው ኮባልት ከፔሮቭስካይቱ ውጭ ኮባልት ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትርፍ አይደለም። በ2009 በ«ኔቸር» የወጣ ሥራ እንዳሳየው፣ በናኖ ዘንግ ቅርጽ የተዘጋጀ ኮባልት ኦክሳይድ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ በታች 77 ዲግሪ ላይ እንኳ ያቃጥላል። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ከጥቂት ከመቶ በታች የሆነን ወይም በደንብ ያልተደራጀን ባዕድ ውህድ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ «ንጹሕ ፔሮቭስካይት አገኘን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዲፍራክሽን ብቻ ሲደገፍ አያሳምነኝም።

በውሃ የሟሙ ጨዎችን አንድ ላይ ማዝቀጥ ተቃራኒውን ስሕተት ያመጣል። ማዝቀጫው አሞኒያ ከሆነና ከበዛ፣ ኮባልቱ ከአሞኒያ ጋር የሚሟሟ ውህድ ሠርቶ ከማጥለያው ሥር ከሚወርደው ፈሳሽ ጋር ይሄዳል፤ ዱቄቱ ላንታነም ይበዛበታል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲዘቅጥ ደግሞ ዝቃጩ ካልታጠበ ሶዲየም ይቀራል።

የሲትሪክ አሲድ መንገድ ከሁሉም ይበልጥ የተወደደው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። የማጊዮ ፔቺኒ የ1967 ፓተንት ሲትሪክ አሲድን ከኤቲሊን ግላይኮል ጋር ያጣምራል፤ ብረቶቹ በጄሉ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚያዙ የሚጓዙት መንገድ ያጥራል፤ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ፔሮቭስካይት ሊገኝ ይችላል። ቢሆንም ጄሉ ሲቃጠል ካርቦኔት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ካነሰ ከላንታነም ወይም ከስትሮንቲየም ጋር ተጣብቆ ገጹን ይሸፍናል። ናይትሬት ያለበት ጄል በድንገት ሊቀጣጠልም ስለሚችል ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው የእቶኑ ሙቀት ዱቄቱ ያየው ሙቀት ላይሆን ይችላል። በብረት ኳስ መፍጨት ከኳሱ ብረት ያስገባል፤ በሲሊካ ቅርጽ ውስጥ ማዘጋጀትም ሲሊካ ሊያስቀር ይችላል።

ስለዚህ የዘዴዎች ውድድር ፍትሐዊ የሚሆነው ፍጥነቱ በግራም ብቻ ሳይሆን በካሬ ሜትርም ሲሰላ፣ የብረቶቹ መጠን በኬሚካል ትንተና ሲረጋገጥ፣ የገጹ ስብጥር በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ሲለካና ኮባልት ኦክሳይድ ብቻውን በተመሳሳይ ሁኔታ ሲፈተን ነው። ልኬቱ ከሥራ በኋላም መደገም አለበት። በ2002 በ«ኔቸር» የቀረበው የጃፓን የመኪና ካታሊስት፣ ላንታነም፣ ብረት፣ ኮባልትና ጥቂት ፓላዲየም የያዘው፣ ፓላዲየሙን ኦክስጅን በበዛበት ጭስ ወደ ክሪስታሉ ያስገባል፤ ኦክስጅን ሲያንስ መልሶ ያወጣዋል። የዚህ ዓይነቱ ካታሊስት ገጽ ከእቶኑ በወጣበት ቀን ብቻ ቢለካ፣ የተለካው ሞተሩ ውስጥ የሚሠራው ገጽ አይደለም።