ጎርፍም ያምራል እንዴ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የሥዕል መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆየና አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «የሰው ቤት ውኃ ሲገባው እሱ ቁጭ ብሎ የደመና ጥላ ይሥላል! ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አለኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ሥዕሉ የአልፍሬድ ሲስሌ «ጎርፍ በፖር ማርሊ» ነው። ፖር ማርሊ ከፓሪስ በስተምዕራብ፣ በሴን ወንዝ ዳር ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1876 ሴን ሞልቶ ሲወጣ ሲስሌ የሚኖረው እዚያው አጠገብ፣ ማርሊ ለ ሯ ነበርና ጎርፉን ስድስት ያህል ጊዜ ሣለው። በይበልጥ የሚታወቀው ዛሬ በፓሪሱ የኦርሴ ሙዚየም የሚገኘው ሲሆን መጠኑ 60 በ81 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔም ብሆን እዚያ ሄጄ አላየሁትም፤ የምፈርደው ከኅትመቱ ነው። በግራ በኩል የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ቆሟል። ደጃፉ ላይ ጀልባዎች አሉ። በቀኝ በኩል ዛፎች ከውኃው ውስጥ ተሰልፈው ይታያሉ። የቀረው ሰማይና ሰማዩን መልሶ የሚያሳይ ውኃ ነው።

ወዳጄን ያስቆጣው እርጋታው ነው። ኡኡታ የለም፤ የሚሰምጥም የለም። ኡኡታ የፈለገ ወደ ዢሮዴ ይሂድ። ዢሮዴ እ.ኤ.አ. በ1806 ለሕዝብ ባሳየውና አሁን በሉቭር በሚገኘው የጎርፍ ሥዕሉ፣ አንድ ሰው ሽማግሌ አባቱን አዝሎ ሚስቱንና ልጆቹን ከውኃው ሊያወጣ ሲታገል የጨበጠው ቅርንጫፍ ይሰበራል። አባትየው በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ የገንዘብ ከረጢቱን አልለቀቀም። ግሩም ነው። ሆኖም እኔ የማደንቀው የሰውየውን ጡንቻ ነው፤ ውኃው አያረጥበኝም።

የሲስሌ ጎርፍ ግን ያረጥባል። ውኃ ገባ፤ ሰው ጀልባ አመጣ፤ ኑሮ ቀጠለ። ጎርፍ የደረሰበት ሁሉ ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ የሚመጣውን ረጅም ዝምታ ያውቀዋል። ሲስሌ የሣለው ያንን ዝምታ ነው። እንደ ኢምፕሬሽኒስት ጓደኞቹ ከቤት ውጭ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥበት ለመያዝ እየተሽቀዳደመ ነበር የሚሠራው። ውኃው በአጫጭር የብሩሽ ጭረቶች ሲንቀሳቀስ ቤቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዓይናችን በሰማዩና በውኃው ላይ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ቤት ይመለሳል። የሥዕሉ ጭንቀት ያለው እዚያ ነው።

ወዳጄ በአንድ ነገር ግን አልተሳሳተም። ጀልባዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ሁለት ሦስት የቀለም ጠብታ ናቸው፤ ፊት የላቸውም። ሲስሌ ለደመናው የሰጠውን ትዕግሥት ለሰዎቹ ነፍጓቸዋል። ይህ ጉድለት ነው፤ አልከራከርለትም።

የሰዓሊውን ድህነት ጠበቃ አድርገው የሚያቆሙለትም አሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ከተነሣው ጦርነት ጋር የአባቱ ንግድ ከከሰረ ወዲህ በሥዕል ሽያጭ ሲቸገር ኖሮ በ1899 ሞተ። ይኸው ሥዕል በዓመቱ በ43,000 ፍራንክ ተሸጠ። ያሳዝናል። ነገር ግን የሰዓሊ ችግር ሥዕሉን መልካም አያደርገውም። እኛ የምንመዝነው ሸራው ላይ ያለውን ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ከነገርኩት በኋላ መጽሐፉን እንደገና ተቀበለኝና ብዙ አየው። በመጨረሻ፣ «ለመሆኑ የዚያ ነጋዴ ወይን ጠጅ ተርፎለት ይሆን?» አለኝ።

የማያውቀው ሰው ንብረት እንዲያሳስበው ያደረገው ያው ጨካኝ ያለው ሰዓሊ ነው።