የመጫወቻ ጡብ ቪዲዮ ለሕፃናት ይስማማልን?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ በማራኪ የእጅ ስልክ ከታላላቆች እጅ ወደ ታናናሾች ይሸጋገራል። ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው ከሚመለከቱት አንዱ፥ ሌጎ የሚባሉት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች ቤት፥ ድልድይና ግንብ ሆነው ሲታነጹ የሚያሳየው ቪዲዮ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ትርኢቶች ብዙዎቹ ጎልማሶች ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራቸው ለጎልማሶች ያዘጋጇቸው ናቸው። እንግዲህ ለሕፃን ይስማማሉን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

አስቀድሞ ስለ መጫወቻው ጥቂት ማለት ይገባል። የዴንማርኩ ኩባንያ ዛሬ የምናውቀውን ጡብ በሕግ ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው፥ ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ ልዩ ልዩ መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ በስሌት ተረጋግጧል። ከዚህም የምንረዳው የመጫወቻው ዋጋ በጡቡ ብዛት ሳይሆን በሚያጫውተው አሳብ መሆኑን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ፍርዱን ለዩቲዩብ ደንብ ሊተዉት ይወዳሉ። በእርግጥ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የቻናል ባለቤት ሁሉ ቪዲዮው ለሕፃናት የተሠራ መሆን አለመሆኑን እንዲያስታውቅ ይገደዳል። ሆኖም ይህ ደንብ የመጣው ስለ ማስታወቂያና ስለ ሕፃናት የግል መረጃ አሰባሰብ በተነሣ ክስ ምክንያት እንጂ፥ ስለ ልጅ አስተዳደግ ታስቦ አይደለም። ስለዚህ «ለሕፃናት የተሠራ አይደለም» ማለት «ለሕፃናት አይገባም» ማለት አይደለም፤ እንዲሁም በተቃራኒው።

ለአስረጅ ያህል «ቢዮንድ ዘ ብሪክ» የተባለውን ቻናል እንመልከት። ሠሪው በኤግዚቢሽን ላይ ከሥራው አጠገብ ቆሞ፥ ስንት ጡብ እንደፈጀበትና ምን ያህል ጊዜ እንደደከመበት ይጠየቃል። ይህ ታላቅ በጎነት ነው። በሌሎች ቪዲዮዎች ፊልሙ ተፋጥኖ አንድ ግንብ በሁለት ደቂቃ ሲቆም የሚያይ ሕፃን ሥራ ያለ ድካም የሚገኝ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ድካሙ በአፍ ይነገራል። ጉድለቱ ንግግሩ በእንግሊዝኛ፥ ያውም በጎልማሶች መካከል መሆኑ ነው፤ የማራኪው ልጅ ሥዕሉን ብቻ ይቀበላል፥ ምክሩ ያልፈዋል።

በዚህ ረገድ የራሳችን መለኪያ አለን። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በ1957 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ፥ የ«ጸሐይ መማር ትወዳለች» አሻንጉሊት ቀጭኔም ስታስተምር፥ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ልጁ አዙረው በሚያውቀው ቋንቋ ይናገሩት ነበር። የጡቡ ቪዲዮ ሠሪ ግን ልጁን አያየውም። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በመካከል አስተርጓሚ ታላቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን በቤታችን አይቼዋለሁ። የስምንት ዓመት ታናሽ ወንድሜ አዲስ ሣጥን እየተከፈተ የሚታይበትን ቪዲዮ ብቻውን ተመልክቶ ሲያበቃ የጠየቀኝ «መቼ ነው የምትገዛልኝ?» ብሎ ነበር። መልስ አልነበረኝም። በሌላ ቀን አብረን ተቀምጠን አንድ የጡብ ግንብ ስናይ፥ የላይኛው ጡብ በታችኞቹ ሁለት ጡቦች መጋጠሚያ ላይ መቀመጡን በጣቴ አሳየሁት። በማግሥቱ ከጭቃ ጡብ እየሠራ በፀሐይ አደረቀ፤ የፋሲልንም ግንብ ሊሠራ ጀመረ። ማዕዘኑ ሁለት ጊዜ ፈረሰ። በሦስተኛው መጋጠሚያውን እያፈራረቀ ሲደረድር ቆመለት። በድንጋይና በኖራ የተሠራውን እውነተኛውን ግንብ ልናይ በሄድን ጊዜም፥ ከጉልላቱ ይልቅ የድንጋዩን አደራደር ሲመረምር አገኘሁት።

በእኔ አስተያየት ፍርዱ እንዲህ ነው። አሠራርን የሚያሳየው የጡብ ቪዲዮ፥ ታላቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እስከተረጎመለት ድረስ፥ ትምህርት ለጀመረ ልጅ ይስማማል። ሣጥን እየከፈተ የሚያስጎመጀው ግን፥ ስድብና ጠብ ባይኖርበትም እንኳ አይስማማም፤ ልጁን ከሠሪነት ወደ ለማኝነት ያወርደዋልና። ትንንሽ ጡብ ወደ አፍ የሚገባ በመሆኑ ከሦስት ዓመት በታች ያሉት ከነጭራሹ ሊርቁት ይገባል።

ስለዚህ ወላጅ ቪዲዮው ምን ያህል ንጹሕ ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የልጁ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት፤ ወደ ጭቃው ከሄደ ቪዲዮው በጎ ነበር።