ጥሩ የወፍና የቢራቢሮ መዝገብ በምን ይለያል?

ከጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወይም ከእንጦጦ ፓርክ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ የሚመለስ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዓይነት አየህ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ለጨዋታ ይሆናል፤ ሥራውን ለመመዘን ግን አይረዳም። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ በተመዘገበበት አገር መጽሐፍ ከፍቶ አርባ ስም መደርደር ከባድ አይደለም። ከባዱ ለእያንዳንዱ ስም «እንዴት አወቅህ?» ሲባል መልስ ማግኘት ነው። የሰው ማስታወሻ እንዳይለት ሲሰጠኝ የምፈልገው ይህንን መልስ ነው። እናንተም የራሳችሁን ወይም የሌላ ሰው ደብተር ስትመዝኑ እነዚህን ነገሮች ተመልከቱ።

ያየውን ከገመተው ለይቷል?

መጀመሪያ ጭልፊትን እንዴት እንደጻፈ እዩ። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምታንዣብበው ጭልፊት ስትጎለምስ ምንቃሯ ቢጫ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቿ ይቀላቀሏታል፤ የእነሱ ምንቃር ጥቁር ነው። ጀማሪ ይህን ያነብና «ምንቃሯ ጥቁር፤ እንግዳ ጭልፊት» ብሎ ያልፋል። የአገሬው ጭልፊት ግን በወጣትነቷ እሷም ጥቁር ምንቃር አላት። ስለዚህ ምንቃር ብቻውን አይፈርድም። የተሻለው መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «ጭልፊት፣ አንድ። ምንቃር ጥቁር። ደረቷ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ጭረት አለ፤ ወጣት ልትሆን ትችላለች። ዝርያዋን አልወሰንኩም።» ዓይን ያየውና አእምሮ የገመተው በየፈርጁ ተቀምጧል፤ ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል። አንድም ቦታ «አልወሰንኩም» የማይል ደብተር ሲገጥማችሁ ጠርጥሩ።

የሚመሳሰሉትን አግልሏል?

በቢራቢሮ በኩል ጥሩ መፈተኛ የምትሆነው በአገራችን በሰፊው የምትገኘው ብርቱካናማዋ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ሥጋዋ መርዝ ስላለበት ወፎች ይርቋታል። ይህን መፈራት ሌላ ቢራቢሮ ተጠቅሞበታል፦ የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴቷ መርዝ ሳይኖራት ያንኑ መልክ ይዛለች። ወንዱ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ጥቁር ሆኖ በወይን ጠጅ ቀለም የተከበበ ትልልቅ ነጭ ክብ አለው። ሁለቱን የሚለየው የኋላ ክንፍ ነው። የእውነተኛዋ የኋላ ክንፍ መሐል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አለ፤ የአስመሳይዋ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ወደ ክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ተጠግቶ። እንግዲህ «ብርቱካናማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር» የሚል ማስታወሻ ሥራውን አልጨረሰም። «የኋላ ክንፍ ላይ ሦስት ነጥብ ቆጥሬያለሁ» የሚለው ጨርሷል። ጎበዝ መዝጋቢ ምን እንዳየ ብቻ ሳይሆን ሊሆን የሚችለውን ሌላውን በምን እንዳስወጣውም ይጽፋል።

ሰዓቱና ቀኑ አሻሚ አይደለም?

ይህ የእኛ አገር መዝጋቢ ልዩ ፈተና ነው። «12፡30» የሚል ማስታወሻ በእኛ ሰዓት ማለዳ ወይም ማታ፣ በፈረንጅ ሰዓት ደግሞ እኩለ ቀን አልፎ ነው። ማለዳ ከሆነ አይቢስ የሚባሉት ወፎች ካደሩበት ዛፍ እየጮኹ የሚነሡበት ሰዓት ነው፤ ቢራቢሮ ግን ፀሐይ ስላላሞቃት ገና አትበርም። እኩለ ቀን ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወፎቹ ጥላ ይዘው ዝም ሲሉ የቢራቢሮው ገበያ ይደምቃል። ቀኑም እንደዚሁ ነው። «5/1/2016» በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ነው፤ በፈረንጅ ከተነበበ ወሩ ታኅሣሥ ይሆናል፣ በሁለቱ መካከልም ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። የመስቀል ወፍ ከሚባሉት አንዱ፣ ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው ወንድ፣ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ባለ ጭረት ይሆናል፤ ከጅራቱ በላይ ያለው ቢጫ ግን ይቀራል። ወሩ የማይታወቅ መዝገብ እንዲህ ያለውን ወፍ ለማወቅ አይረዳም።

ቦታውም «እንጦጦ» ተብሎ ብቻ አይለቀቅ። ባሕር ዛፍ ብቻ በተተከለበት ዳገትና ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ባለበት ሸለቆ መካከል የወፉ ዓይነት ይለያያል። የቆየበት ጊዜ፣ የተጓዘው ርቀት፣ ዝናብና ጭጋግ የነበረ መሆኑም ይጻፍ። ከ2002 (እንደ ፈረንጅ) ጀምሮ የሚሠራው ኢበርድ የተባለው የኢንተርኔት የወፍ መመዝገቢያ ሥርዓትም የቆይታ ጊዜንና ርቀትን ይጠይቃል፤ ያየኸውንና የለየኸውን ሁሉ አስገብተሃል ወይ ብሎም ይጨምራል። ለዚህ ጥያቄ «አዎ» የሚል መዝገብ ብቻ ስለሌለው ወፍም ማስረጃ ይሆናል።

ተራዎቹን ቆጥሯል?

የከተማው ሰው የሚያልፋቸው ሦስት ወፎች አሉ፦ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ አንገቷ ጀርባ ላይ ነጭ ያለባት ርግብ፣ ከጉሮሮዋ ሥር ሥጋ ያንጠለጠለችው ጯኺ አይቢስ። እነዚህን ለማየት ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም መኖሪያቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። በጥሩ ደብተር ላይ «ብዙ ቁራ» የሚል አይገኝም፤ «ቁራ 7» ይላል። ቁጥር የሚጠቅመው ወፉ መቀነስ ሲጀምር ነው። በቄራ አካባቢ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ባለ ቆቡ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ዝርዝር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በየሠፈሩ የቆጠረው ሰው መዝገብ ዛሬ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ቢራቢሮውን ከተክሉ ጋር አያይዟል?

ቢራቢሮ በግቢ አለፈች ማለት በግቢ ትኖራለች ማለት አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳየው ትሏ ነው። ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ የምትፈለፈለውን፣ ስታድግ ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ የምትሆነውን ፓፒሊዮ ዴሞዶከስን ፈልጉ። ትሏ ትንሽ ሳለች ቡናማና ነጭ ሆና የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ወፍም ስለዚህ አይነካትም። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። በእንጨት ጫፍ ነካ ብታደርጓት ከራሷ ኋላ መንታ ቀንድ አውጥታ የሚከረፋ ሽታ ትለቅቃለች። «ሎሚ ቅጠል ላይ አረንጓዴ ትል ሦስት» ብሎ የጻፈ ሰው ቢራቢሮዋ በዚያ ግቢ እንደምትራባ አስመስክሯል። የሎሚ ዛፉ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ከነበረ ያም ይጻፍ።

ፎቶው ምን ያሳያል? በምን ዋጋ ተገኘ?

ፎቶ ቆንጆ መሆኑ ከማስረጃነቱ ጋር ግንኙነት የለውም። የደበዘዘች ግን የኋላ ክንፉን ነጥብ የምታስቆጥር ፎቶ፣ አበባ ላይ ካረፈች ቢራቢሮ ውብ ፎቶ ትበልጣለች። የቢራቢሮ ክንፍ ላይኛውና ታችኛው ገጽ ስለሚለያይ ሁለቱንም የያዘ መዝገብ ተመራጭ ነው። ጎጆ ለማንሳት ቅጠል ተገልጦ የተገኘ ፎቶ ግን ዋጋ የለውም። ቅጠሉ የተገለጠ ጎጆ ለቁራና ለጭልፊት ተገልጧል። ከስልክ የወፍ ድምፅ ደጋግሞ እያሰማ ወፏን ከምግቧና ከጫጩቶቿ የሚያዘናጋ ሰውም ዝርዝሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ጥሩ ተመልካች አይባልም።

ስለዚህ ደብተር ስትመዝኑ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው ይችል እንደሆነ፣ ቀጥሎ የተራውን ወፍ ቁጥር፣ ከዚያ የተመልካቹን ጨዋነት። የዝርያ ብዛት በመጨረሻ ይምጣ። ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ በግቢያችሁ ወይም በሠፈራችሁ መናፈሻ አንድ ቦታ መርጣችሁ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ ጻፉ፣ ያላወቃችሁትንም አላወቅሁትም በሉ።