የሚቃጠለው ዘፋኝና የሚያጨበጭበው ታዳሚ

ስለ ዓለማዊ የሙዚቃ ክሊፕ በየወጣት ኅብረቱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማየት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ያስፈልገዋል። ውይይቱ እዚያው ላይ ሲቆም ግን በሁለት እንከፈላለን። አንዱ «እኔ አላይም» ብሎ ይመጻደቃል፣ ሌላው ስልኩን ደብቆ ያያል። ክሊፑ ራሱ ስለ ሰው ምን እንደሚናገር የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ አብረን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። እነዚህ ክሊፖች ስለ ዝና፣ ስለ ሰው መልክና ስለ ገላ ምን እያስተማሩን ነው?

ለምሳሌ የምወስደው ብዙዎቻችሁ በስሙ የምታውቁትን ሰው ነው። አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ «ዘ ዊክንድ»፣ በ1990 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተወለደ። ያሳደጉት እናቱና አያቱ ናቸው፤ አማርኛ ይናገራል፤ በልጅነቱም ከአያቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ስለዚህ ስሙ ሲጠራ ብዙዎቻችን «የእኛ ልጅ» እንላለን። የእኛ ካልን ደግሞ ከሩቅ መውቀሱም ሆነ በጭፍን ማድነቁ ይቅርና ሥራውን ቀረብ ብለን እንመርምረው።

በ2015 የወጣውን «ካንት ፊል ማይ ፌስ» የተባለውን ክሊፕ አስቡ። አቤል በአንድ የምሽት ክለብ መድረክ ላይ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። ታዳሚው ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል፤ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከመካከላቸው አንዱ የበራ ላይተር ይወረውርበትና ልብሱ በእሳት ይያያዛል። ሕዝቡ ከመቀመጫው የሚነሣው ይሄኔ ነው። ሰውየው እየነደደ ይዘፍናል፣ እነርሱ በደስታ ይጨፍራሉ። ዝና ምን እንደሆነ በጥቂት ደቂቃ እንዲህ አድርጎ የገለጸ ስብከት ብዙ አልሰማሁም። ታዳሚው ዘፈኑን ብቻ አልፈለገም፤ ዘፋኙ ሲቃጠል ማየት ፈለገ።

በዓመቱ፣ በ2016፣ «ስታርቦይ» መጣ። ጭንብል ያጠለቀ ሰው ወንበር ላይ የታሰረውን አቤልን በፕላስቲክ አፍኖ ይገድለዋል። ገዳዩ ጭንብሉን ሲያወልቅ ግን እርሱም አቤል ነው፤ ዝነኛ ያደረገውን ጸጉር የተቆረጠ አዲስ አቤል። ከዚያ ቀይ መብራት የሚያበራ መስቀል አንሥቶ በቤቱ ውስጥ የተሰቀሉትን ሽልማቶች ይሰባብራል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የቀድሞው ሰው መሞት አለበት የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጳውሎስ በሮሜ 6 ያስተማረው ነው። የሽልማት ጣዖት መሰበር አለበት ማለትም ትክክል ነው። ነገር ግን በክሊፑ ውስጥ ገዳዩም ሟቹም ተነሺውም እርሱ ራሱ ነው። መስቀሉ መዶሻ ሆኖ ያገለግላል እንጂ በላዩ የሞተለት ማንም የለም። ሁሉን ሰባብሮ ሲጨርስም እጅግ ውድ በሆነ መኪና ይሄዳል። የቀድሞው ዝነኛ ሞተ፤ ቦታውን የያዘው ሌላ ዝነኛ ነው።

ሦስተኛው «ሴቭ ዮር ቲርስ» ነው። በኅዳር 2020 አቤል በአንድ ትልቅ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ፊቱን ሙሉ በፋሻ ተጠቅልሎ ቀርቦ ነበር። በጥር 2021 ይህ ክሊፕ ሲወጣ ፋሻው ተነሥቷል፤ ከሥሩ የታየው በውበት ቀዶ ሕክምና ያበጠና የተወጣጠረ የሚመስል ፊት ነው። እውነተኛ ፊቱ አልነበረም፤ በሜካፕ የተሠራ ነው። በኋላ ሲጠየቅ፣ ሰዎች ለመወደድ ሲሉ ራሳቸውን የሚለዋውጡበትን የሆሊውድ የዝና ባህል ለማሳየት እንደሆነ አስረድቷል። በክሊፑ ውስጥ ጭንብል ላጠለቀ ታዳሚ ይዘፍናል። በመጨረሻም ሽጉጥ ራሱ ላይ ደግኖ ይተኩሳል፤ የወጣው ግን ጥይት ሳይሆን ባለ ቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ታዳሚው ያጨበጭባል።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ሕዝብ የሚያጨበጭበው ሰው ሲፈርስ ነው። እዚህ ላይ ለአቤል ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይመስለኝም። ብዙ ዘፋኞች ዝናን የሚያሳዩን በሳቅና በወርቅ ነው። እርሱ ግን ውስጡን ገልጦ አሳየን። የመክብብ ሰባኪም ወንዶችና ሴቶች ዘፋኞችን አቁሞ፣ ዓይኑ የፈለገውን ሁሉ ሳይከለክል ኖሮ መጨረሻው ነፋስን እንደ መከተል ሆኖ አገኘው። የአቤል ክሊፖች እስከዚህ ድረስ ከሰባኪው ጋር ይሄዳሉ።

ታዲያ ቅሬታዬ የት ላይ ነው? በእነዚህ ክሊፖች ውስጥ ያሉትን ሴቶች እስቲ አስቧቸው። በዚያው በ«ሴቭ ዮር ቲርስ» አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተጎትታ መድረክ ላይ ትወጣለች። ሽጉጥ በእጇ ያስይዛትና በራሱ ላይ እንድትደግን ያደርጋታል። ይህች ሴት ማን ናት? ምን ተሰማት? ክሊፑ አይጠይቅም። እርሷ የመጣችው የእርሱን ሕመም እንድታሳይለት ነው። «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ለተባለው ፊልም በተሠራው «ኧርንድ ኢት» ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እርሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይዘፍናል፤ ዙሪያውን ያሉት ሴቶች ግን ከቆዳ ማሰሪያ የማይሻል ነገር ነው የለበሱት። ሄዳችሁ ፈልጉት ማለቴ አይደለም። ወንዱ ታሪክ፣ ቁስልና ጸጸት አለው፤ ሴቶቹ ያላቸው ገላ ብቻ ነው። የሕዝብ ዓይን እንዳቃጠለው የሚያለቅስ ሰው፣ ያንኑ ዓይን መልሶ በሴቶቹ ላይ ያበራዋል። እኛንም አብሮ ያሰልፈናል።

ይህ ነገር በካሜራ አልተጀመረም። በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 1 የፋርስ ንጉሥ 180 ቀን ሙሉ ሀብቱንና ክብሩን ለመኳንንቱ አሳየ። ቀጥሎም የ7 ቀን ግብዣ አደረገ። በሰባተኛው ቀን፣ የወይን ጠጅ ልቡን ደስ ሲያሰኘው፣ ንግሥቲቱ አስጢን ዘውዷን ጭና ትምጣና ውበቷን ሕዝቡ ይይላት አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ወርቁ ታይቶ አለቀ፣ የቀረችው ሚስቱ ነበረች። አስጢን እንቢ አለች። ዘውዷንም አጣች። ዛሬም ለታዳሚ አልታይም የምትል ሴት የምታጣው ነገር ይኖራል።

ከዘመናችን ደግሞ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አየርላንዳዊቷ ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነር የሙዚቃ አሳታሚዎች ይበልጥ «ሴት ሴት» እንድትመስል ሲፈልጉ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። በ1990 በወጣው «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» ክሊፕ ላይ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከፊቷ አይነቃነቅም። በመጨረሻ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። በ1985 በመኪና አደጋ የሞተችውን እናቷን አስባ እንዳለቀሰች በኋላ ተናግራለች። በ2013 ማይሊ ሳይረስ «ሬኪንግ ቦል» የተሰኘውን ክሊፕ ስትሠራ መነሻዋ ይኸው የሺኔድ ክሊፕ እንደነበር ገለጸች። በእርግጥም ክሊፑ በፊትና በእንባ ይጀምራል። ብዙ ሳይቆይ ግን ዘፋኟ ራቁቷን በሕንፃ ማፍረሻ ኳስ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ሕዝቡም የያዘው እንባውን ሳይሆን ኳሱን ነው። ሺኔድ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈችላት፤ እንደ እናት ሆና፣ ኢንዱስትሪው በገላዋ እንደሚነግድና ስለ እርሷ ግድ እንደማይሰጠው አስጠነቀቀቻት። የሺኔድን እምነትም ሆነ አቋም ሁሉ እንቀበል አልልም። ነገር ግን ፊት ስናይ ሰው እናያለን፤ ገላ ብቻ ሲቀርብልን ፊቱን እንረሳለን። ይህን የሁለቱ ክሊፖች ልዩነት በግልጽ ያሳየናል።

ጌታችን ኢየሱስ በፈሪሳዊው በስምዖን ቤት በማዕድ ሳለ በከተማው በኃጢአቷ የታወቀች ሴት ገባች (ሉቃስ 7)። ስምዖን ከመግቢያዋ ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለም። በልቡም «ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች» ተመራመረ። ጌታ ግን ወደ እርሷ ዘወር ብሎ ስምዖንን ሴቲቱን ታያታለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። እንግዳ ጥያቄ አይደለም? ስምዖን ከእርሷ ሌላ ምን ሲያይ ቆየ! ኢየሱስ ግን ያደረገችውን አንድ በአንድ ቆጠረለት፤ እንባዋን፣ ጸጉሯን፣ መሳሟን፣ ሽቱዋን። ስምዖን ስሟንና ወሬዋን አየ፤ እርሷን አላያትም። በምኞት ማየት ብቻ አይደለም ሰውን የሚያዋርደው፤ ስምዖን በምኞት አላያትም፣ በንቀት ነው። ሁለቱም ዓይኖች ግን ሰውየውን ወይም ሴቲቱን አልፈው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። መዝሙርም ዛሬ ክሊፕ አለው። ልብሱ ይለዋወጣል፣ ድሮኑ ይነሣል፣ መኪናው ይታያል፤ ከዚያ «ስንት ሰው አየው?» ይባላል። ጥሩ ምስል መሥራት ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ ያማረውን የ20 ዓመት ዘማሪ በየሳምንቱ ከአንድ ኮንፈረንስ ወደ ሌላው እንጠራዋለን። ሲዘምር እጃችንን እናነሣለን፣ በስልክ እንቀርጻለን። ጸሎቱ እንዴት እንደሆነ፣ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚታገለው፣ በልቶ እንደሆነ እንኳ የሚጠይቀው ስንቱ ነው? እየተቃጠለ ቢሆንስ? ቅባት ነው ብለን ያጨበጨብንለት እሳት ራሱን የሚበላው ቢሆንስ? ዘማሪዋ ስትሆን ደግሞ ከመዝሙሩ ይልቅ ስለ ቀሚሷና ስለ ቅርጿ የሚጻፈውን አስተያየት አንብባችሁ ታውቃላችሁ። አንዳቸው የወደቁ ቀን ቪዲዮውን ለመቀባበል የሚቀድመን የለም። ያ የምሽት ክለብ ታዳሚ ከእኛ ምን ያህል ይርቃል?

ስለዚህ በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ «ማየት ኃጢአት ነው?» ከሚለው ጋር እነዚህንም ተወያዩባቸው። የምናየው ክሊፕ ውስጥ ታሪክ ያለው ማን ነው? ገላ ብቻ ሆኖ የቀረበውስ ማን ነው? ካሜራው እኛን የት አቁሞናል? ይህን ሰው እኅቴ ወይም ወንድሜ ቢሆን በዚህ ዓይን አየው ነበር? ኢዮብ ከዓይኑ ጋር ቃል ኪዳን እንደገባ ተናግሯል (ኢዮብ 31)፤ የእናንተ ኅብረትስ ምን ቃል ኪዳን ሊገባ ይችላል?

ውይይቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሥራ አለ። ከመካከላችሁ ሁልጊዜ መድረክ ላይ የሚቆመውን ወንድም ወይም እኅት፣ መዝሙር ሳታዝዙ፣ ፎቶ ሳትነሡ፣ ሻይ ጋብዛችሁ «እንዴት ነህ?» «እንዴት ነሽ?» በሉ። መልሱን ደግሞ እስኪያበቃ ተቀምጣችሁ ስሙ።