ነብርና ታይገር፦ በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት አራዊት

በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ገበያ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቋንቋ እያፈራረቀ ቢነጋገር ማንም አይገረምም። በኦሮምኛ ቄረንሳ ያለውን አውሬ በአማርኛ ነብር ይለዋል፤ ዐረብኛ የቀራ እንደሆነም ነሚር ሲል ያውቀዋል። ሦስቱም ስሞች ቆዳው ነጠብጣብ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ በሌሊት ፍየል የሚነጥቅ አንድ አውሬ ላይ ያርፋሉ። በቴሌቪዥንና በመማሪያ መጽሐፍ የመጣው፣ ጀርባው ጥቁር መስመር በመስመር የሆነው የእስያ አውሬ ግን አማርኛ ላይ ሲደርስ የዚሁኑ ስም ወረሰ። ይህ ውርስ ቃሉ በራሱ ጊዜ ትርጉሙን አስፍቶ ያመጣው አይደለም፤ የተርጓሚ ጠረጴዛ የወለደው ነው። ስለዚህም ሊታረም ይገባዋል።

የነብር የዘር ሐረግ ረጅም ነው። በግዕዝ ነምር፣ በዕብራይስጥ ናሜር፣ በአካድኛ ኒምሩ ይባላል፤ በአማርኛና በትግርኛ «ም» ወደ «ብ» ተለውጣ ነብርና ነብሪ ሆነ። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላትም ነምር ይኸው ባለ ነጠብጣቡ አውሬ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት ጎን ለጎን ሲያነሣ የሚያየው ነጠብጣብ እንጂ መስመር አይደለም። የጦር ሰው በትከሻው የጣለው የነብር ለምድም ከዚሁ አውሬ የተገፈፈ ነው። አማርኛ በድመት ወገን ላይ ቸልተኛ ቋንቋ እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ ነብርን ከግስላ፣ አነርን ከአቦ ሸማኔ ለይቶ ይጠራል።

የታይገር ስም የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ግሪኮች ቲግሪስ አሉት፤ ሮማዊው ቫሮ ቃሉን ፍላጻ ከሚል የአርመን ቃል አውጥቶ ከፈጣኑ ወንዝ ስም ጋር አያያዘው። በጥንታዊ ኢራናዊ ቋንቋዎች «ቲግራ» ስለታም ማለት ስለሆነ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሆኖም አውሬው ስሙን በእርግጥ ከዚያ ስለመውሰዱ ሊቃውንት አልተስማሙም። ወንዙ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጤግሮስ ተብሎ ገብቷል፤ አውሬው ግን አልገባም፤ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥም ቀድሞውኑ የለም። ጄሮም መጽሐፈ ኢዮብን ወደ ላቲን ሲመልስ ግን በምዕራፍ 4 ቁጥር 11 ላይ፣ ዕብራይስጡ አንበሳ ባለበት ቦታ ቲግሪስ አስገባ። በሮም ታይገር ለሕዝብ ከታየ ቆይቶ ነበርና ተርጓሚው አንባቢው የሚያውቀውን አውሬ የሰጠው ይመስላል። የእኛ ተርጓሚዎችም ያደረጉት ያንኑ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ፦ ባዕዱን አውሬ በአገሬው ስም ጠሩት።

«ዐረብኛስ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥም በዕለታዊው ዐረብኛ ነሚር ዛሬ ለታይገርም ይውላል። ነገር ግን ዐረብኛ ከፋርስ የተቀበለው «በብር» የሚል የታይገር መጠሪያ አለው፤ ሊለይ በፈለገ ጊዜ መሣሪያው በእጁ ነው። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ስም በእጁ ስለሌለ፣ «ታይገር»ን ካልተዋሰ መደባለቁ መፍትሔ የለሽ ይሆንበታል። ሌላው ተቃውሞ የባዕድ ቃል ቋንቋ ያበላሻል የሚለው ነው፤ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። ካንጋሮና ፔንግዊን ያለ ከልካይ ገብተዋል፤ በአገራችን የሌለ አውሬ ከነስሙ ቢመጣ ነውር የለበትም።

ከበድ የሚለው የምሳሌያዊው አነጋገር ጥያቄ ነው። የቻይናው ማኦ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ለአና ሉዊዝ ስትሮንግ በሰጠው ቃለ ምልልስ የተናገረው «የወረቀት ነብር» በፖለቲካ ጽሑፋችን ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ሲንጋፖርንና ደቡብ ኮሪያን «የእስያ ነብሮች» ማለትም ተለምዷል። እነዚህን መንካት አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ቁጣውና ጉልበቱ ነው፣ የቆዳው መልክ ለትርጉሙ አይጨምርም አይቀንስም። «የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የሚለው አማርኛ በሁለቱም አውሬ ላይ ያው ነው። በሳይንስ መማሪያ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። «ነብር በዱር የሚኖረው በእስያ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ታይገርን አስቦ የተጻፈ ቢሆንም፣ ቄረንሳና ነብር አንድ መሆናቸውን ከቤቱ ይዞ ለመጣ የጨፋ ተማሪ ግልጽ ስሕተት ነው፤ ከመጽሐፉና ከአያቱ ማንን ይመን? ታይገር የሚለው ቃል በዚያች ገጽ ላይ ቢገባ ሁለቱም ልክ ይሆናሉ።